ወረቀቱ ትክክል ነበር፣ ባቡሩ ግን ሌላ ግላይስ ላይ ነበር

(ይህ ፍራንክፈርት ውስጥ፣ የሐምሌና የነሐሴ እንግዶቻችን ከመምጣታቸው በፊት ተሰብስበን ባመሸንበት ቀን የተናገርኩት ነው። ወደ ጽሑፍ ስለውጠው መንተባተቤን ቆርጬ አውጥቻለሁ። ቀልዶቹን ትቻቸዋለሁ፤ አንዳንዱ እዚያም አላሳቀም። "ግላይስ" የምለው ጣቢያ ውስጥ ባቡር የሚቆምበትን ባለ ቁጥር መስመር ነው።)

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? እሺ።

"ስለ ባቡር ንገረን" ስትሉኝ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እኔ የባቡር ሠራተኛ አይደለሁም። ባቡር የማውቀው እንደ ማንኛችሁም ተሳፍሬ ነው። ግን እዚህ አገር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፣ ብዙ እንግዳ ተቀብያለሁ፣ ከእንግዶቼም ውስጥ ሁለት ሦስቱ ባንሆፍ፣ ማለትም ባቡር ጣቢያ፣ ውስጥ ጠፍተውብኝ ፈልጌ አግኝቻለሁ። ችሎታዬ ይኸው ነው።

አሁን ወቅቱ ደረሰ። ከአገር ቤት እናት ትመጣለች፣ አጎት ይመጣል፣ ከአሜሪካም ከዱባይም የልጅነት ጓደኛ ብቅ ይላል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ "ከመጣሁ አይቀር ትንሽ ልዟዟር።" ኮሎኝን ልይ፣ በርሊንን ልይ። እኛ ደግሞ ሥራ ላይ ነን። ያለችን ፈቃድ ለፋሲካ አልቃለች። ስለዚህ እንግዳው አንድ ቀን ብቻውን ባቡር ላይ መውጣቱ አይቀርም። ዛሬ የማወራው ያንን ሰው ስለ ማዘጋጀት ነው። የእኛ ሰው ባይሆንም ያው ነው። ጃፓናዊውም ብራዚላዊውም የባቡሮቹ ሰዓትና ግላይስ የሚታይበት ቦርድ ሥር ቆሞ ዓይኑ ሲቅበዘበዝ አይቻለሁ።

መጀመሪያ አክስቴን ላስተዋውቃችሁ።

አክስቴ የድሬዳዋ ልጅ ናት። ባቡር ለእሷ ብርቅ አይደለም። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚያ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። አዲስ አበባ ለመድረስ ሌላ አሥራ አምስት ዓመት ፈጅቷል። "ለገሐር" የምንለው እንኳ የፈረንሳዮቹ "ላ ጋር" ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው። እና ገና ኤርፖርት ስቀበላት ስለ ባቡር ላስረዳት ስጀምር ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "አንተ ነህ እኔን ባቡር የምታስተምረኝ?"

ልክ ነበረች። ግን የእሷ ባቡር ሰው ነበረው። ትኬት የሚቆርጥ ሰው፣ ፉርጎውን የሚያሳይ ሰው፣ ፊሽካ የሚነፋ ሰው፣ በመስኮት በኩል ሙዝና ሎሚ የሚሸጥ ሰው። ግራ የገባው መንገደኛ አፉን ከፍቶ መጠየቅ ብቻ ነበር ሥራው። እዚህ ትልቅ ጣቢያ ስትገቡ በር እንኳ የለም። ትኬትህን አሳይ የሚል የለም። ማንም አያስቆማችሁም፣ ማንም አያናግራችሁም። ለለመደው ነፃነት ነው። ለእንግዳ ግን ቤቱ ክፍት ሆኖ ባለቤቱ የሌለበት ግቢ መግባት ነው የሚመስለው።

እኔም ይህን አውቄ ወረቀት አዘጋጀሁላት። ምን ዓይነት ወረቀት! በትልልቅ ፊደል። ባቡሩ የሚነሳበት ሰዓት። መሃል ላይ የምትቀይርበት ጣቢያ። ግላይስ 7። ፉርጎ 24። ወንበር 61። ከመውረዷ በፊት የሚያልፉት ጣቢያ ስም ሳይቀር። በፕላስቲክ ማሸግ ብቻ ነው የቀረኝ። የመጀመሪያው ባቡር ላይ ራሴ አሳፍሬያት ሥራ ገባሁ። ለመቀየር 25 ደቂቃ አላት፤ ይበቃል።

ወረደች። ግላይስ 7ን አገኘች። በኩራት ቆመች። ድምፅ ማጉያው በጀርመንኛ ሁለት ጊዜ አንድ ነገር ተናገረ። አብረዋት የቆሙት ሰዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሄዱ። "ወዴት ነው የሚሄዱት ብዬ ገርሞኝ ነበር" አለችኝ በኋላ። "ሁሉም ሽንት ቤት አይሄድ መቼም።" ቦርዱ ላይ ባቡሩ ዛሬ ከግላይስ 4 እንደሚነሳ ተጽፏል። እሷ ግን ወረቀቷን አየች። 7 ይላል። እንደገና አየችው። 7 ነው። የወንድሟ ልጅ በእጁ የጻፈው ነው፣ እንዴት ይሳሳታል?

ባቡሩ ከ4 ሄደ።

ስትደውል ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ትኬቱ ርካሽ ስለነበር ለዚያች ባቡር ብቻ ነው የሚሠራው፤ ለሚቀጥለው ሌላ መግዛት ነበረብን። ከርካሹ ላይ ያተረፍኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሄደ፣ ከዚያም በላይ። ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን የቆጨኝ ገንዘቡ አልነበረም። ወረቀቴ በጣም ጥሩ ነበር። ጥሩ ከመሆኑ የተነሳ ከእሱ ሌላ ምንም እንዳታይ አድርጓታል። እኔ ባልጽፍላት ኖሮ ቀና ብላ ቦርዱን ታይ ነበር። ሰዎቹን ትከተል ነበር። የድሬዳዋ ልጅ እኮ ናት!

እንግዳ ከተነገረው ውጪ የሆነ ነገር ሲገጥመው ነው የሚደነግጠው። እኛ ደግሞ የምንነግረው ሁሉ ነገር በሥርዓቱ ከሄደ ምን እንደሚሆን ብቻ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ሁሉ ነገር በሥርዓቱ አይሄድም። "የጀርመን ባቡር እንደ ሰዓት ነው" የሚል ወሬ አገር ቤት አሁንም አለ፤ እንግዶቻችን ይዘውት ነው የሚመጡት። በ2024 እ.ኤ.አ. ከረጅም ርቀት ባቡሮች በሰዓቱ የደረሰው 62.5 ከመቶው ነው። ያውም "በሰዓቱ" የሚባለው ከ6 ደቂቃ በታች የዘገየው ሁሉ ነው። ጭራሽ የተሰረዘው ባቡር ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ይህን ለእንግዳችሁ ቀድማችሁ ንገሩት። ሲዘገይበት "ምን አጠፋሁ?" ከሚል፣ "አሃ፣ የነገሩኝ ይኼ ነው" ይበል። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

ስለዚህ ወረቀቴን ቀየርኩት። አሁን ከላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ "ይህ ወረቀትና ቦርዱ ካልተስማሙ ቦርዱን እመኚ።" አክስቴ ስታነበው "ታዲያ ወረቀቱ ምን ያደርግልኛል?" አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ወረቀቱ ቦርዱ ላይ ምን እንደምትፈልግ ይነግራታል።

ምን ትፈልግ? የከተማውን ስም ብቻ ከፈለገች ትሳሳታለች። ቦርዱ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ባቡሩ የሚያልቅበት ከተማ ነው። ኮሎኝ የሚሄድ ሰው "አምስተርዳም" ወይም "ዶርትሙንድ" የሚል ሊያይ ይችላል፣ ኮሎኝ ከሥር በትንንሹ ናት። ያውም "ኮሎኝ" ብሎ ከፈለገ እስኪመሽ አያገኛትም፤ በጀርመንኛ "ኬልን" ናት። ሙኒክም "ሙንሽን" ነው የምትባለው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የባቡሩን ዓይነትና ቁጥር ጻፉ፣ ባቡሩ የሚያልቅበትን ከተማ ጻፉ፣ መውረጃውን ቦርዱ ላይ እንዳለው በላቲን ፊደል ጻፉ። ግላይሱን በእርሳስ ጻፉት። እውነቴን ነው፣ በእርሳስ። እርሳስ መሆኑን ሲያዩ ሊቀየር እንደሚችል ራሳቸው ይገባቸዋል።

ከዚያ ጥቂት ቃላት። ጀርመንኛ አታስተምሯቸው፣ ቀኑ አይበቃም። ቦርዱ ላይ በነጭ ጭረት ውስጥ የሚሮጥ ጽሑፍ ሲያዩ ግን ነገር እንዳለ ይወቁ። "ሆይተ" ዛሬ ማለት ነው፤ እሱን ተከትሎ የግላይስ ቁጥር ከመጣ ቦታው ተቀይሯል። "ፌልት አውስ" ከሆነ ባቡሩ የለም፣ ተሰርዟል። "ፈርሽፔቱንግ" መዘግየት ነው፤ ይህቺን በሁለተኛው ቀን ራሳቸው ይለምዷታል። "ኤርዛትስፈርኬር" ካለ ሐዲዱ ተዘግቶ በምትኩ አውቶቡስ ቀርቧል ማለት ነው። ይሄ እንደ ተረት እንዳይመስላችሁ። በ2024 ከፍራንክፈርት ወደ ማንሃይም የሚወስደው ሐዲድ ለጥገና ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አምስት ወር ተዘግቶ፣ ስንቱ ሰው በአውቶቡስ ሲመላለስ ከረመ። በፈረንጆቹ ወር ነው የምቆጥረው፣ ይቅርታ። ጥገናው ሌላም መስመር ላይ ይቀጥላል፤ በዚህ ዓመት እንግዳችሁ አውቶቡሷን ባያገኛት ዕድለኛ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከግድግዳ። በየጣቢያው የተለጠፉት ትልልቅ የሰዓት ወረቀቶች ቢጫና ነጭ ናቸው። ቢጫው የሚነሱት ነው፣ ነጩ የሚደርሱት ነው። ነጩ ላይ አፍጥጦ "ባቡሬ የለም" የሚል ሰው አይታችሁ ካላወቃችሁ ቆዩ፣ ታያላችሁ።

ሰዓት አልኩ አይደል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይሄ የእኛ የብቻችን ፈተና ነው።

አጎቴ የመጡ ጊዜ በስልክ "ባቡርዎ 9 ሰዓት ከ10 ነው" አልኳቸው። በሐበሻ መናገሬ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ 15:10። እሳቸው ፈረንጅ አገር ስለሆኑ በፈረንጅ ሰዓት ነው የነገረኝ ብለው አሰቡ። በጠዋት ተነስተው ለ09:10 ጣቢያ ደረሱ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ስድስት ሰዓት ሙሉ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። "አዘገየው እንጂ መምጣቱ አይቀርም ብዬ ነው" አሉኝ። ትዕግሥታቸው አስለቀሰኝ። ነገሩ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ባቡሩ ከሄደ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነበር የሚደርሱት።

በዚያ ላይ የእጅ ሰዓታቸው ገና አዲስ አበባ ላይ ነበር። በዚህ ወቅት አገር ቤት ከጀርመን አንድ ሰዓት ይቀድማል፣ እዚህ ብርድ ሲሆን ሁለት። አስቡት፤ ቦርዱ 15:10 ሲል፣ በሐበሻ ብንቆጥረው 9 ሰዓት ከ10 ነው፣ የአጎቴ ክንድ ላይ ግን 10 ሰዓት ከ10 ነው። አንዲት ባቡር፣ ሦስት ሰዓት። ጀርመኑ ደግሞ ይጨምርበታል። "ሃልብ ጼን" ካላችሁ አሥር ተኩል እንዳይመስላችሁ። ዘጠኝ ተኩል ነው። ወደ አሥር ግማሽ መንገድ ሄደናል ማለቱ ነው። የእኛ "ተኩል" ወደ ኋላ ይቆጥራል፣ የእነሱ ወደ ፊት።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የባቡር ሰዓት በአፍ አትንገሩ። በፍጹም። ስልካቸውን ያዙና ወደ 24 ሰዓት ቀይሩላቸው፤ ቦርዱ ላይ የሚያዩትን አራት አኃዝ እንዳለ ጻፉላቸው። ያ ቁጥር ሥዕል ይሁንላቸው፣ ከሥዕሉ ጋር ያመሳስሉ። የእጅ ሰዓቱን የሻንጣ ኪስ ውስጥ ያስገቡት።

አሁን ወደ ፍራንክፈርት ኤርፖርት እንመለስ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገና ከመነሻው የሚሳሳተው እዚያ ነው። ኤርፖርቱ ሁለት የባቡር ጣቢያ አለው። አንደኛው ተርሚናል 1 ሥር ያለው ነው፣ ከ1972 ጀምሮ የሚሠራ፤ ኤስ-ባን የሚባሉት የከተማ ባቡሮችና የቅርብ ርቀት ባቡሮች ከግላይስ 1 እስከ 3 ይቆማሉ። ሁለተኛው በ1999 የተከፈተው የረጅም ርቀቱ ነው፤ ግላይስ 4 እስከ 7፣ ተርሚናሉን ለቅቃችሁ በመሻገሪያ ትሄዳላችሁ። ኮሎኝ በፈጣን ባቡር የሚሄድ ሰው ታች ቢወርድ የሚጠብቀው ባቡር ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው ያለው። ከተማ ለመግባት ደግሞ ኤስ 8 ወይም ኤስ 9 ይዛችሁ አሥራ ምናምን ደቂቃ ነው። እነዚሁ ባቡሮች በተቃራኒው አቅጣጫ ቪስባደን ይሄዳሉ። ቁጥሩ ያው፣ ቀለሙ ያው። አክስቴን አይደለም፣ እኔን ራሴን አንድ ሌሊት ቪስባደን አድርሰውኛል፤ እንቅልፍም ነበረበት።

የፍራንክፈርት ዋናው ባንሆፍ በ1888 የተከፈተ ነው፤ ላይኛው አዳራሽ ብቻ 24 ግላይስ አለው፣ ኤስ-ባኑ ደግሞ ምድር ቤት ነው፣ ከ101 እስከ 104። ሐዲዱ አዳራሹ ውስጥ ነው የሚያልቀው። ባቡሩ በአፍንጫው ገብቶ በጭራው ይወጣል። ይህን ካልነገራችኋቸው ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ከሙኒክ ወደ ኮሎኝ የምትሄድ እናት ፍራንክፈርት ላይ ባቡሩ ቆሞ ወደ መጣበት ሲንቀሳቀስ ታያለች። "ተመለሰ!" ብላ ትነሳለች። ሻንጣ ታወርዳለች። ከፊቷ የተቀመጠው ጀርመን ጋዜጣውን እያነበበ ነው።

ስለ ከተማ ስሞች ትንሽ ብቻ። ፍራንክፈርት ሁለት ናት፤ የኛዋ ማይን ወንዝ ላይ ናት፣ ሌላዋ ኦደር ወንዝ ላይ፣ ፖላንድ ድንበር። ካሰል ላይ አብዛኞቹ ፈጣን ባቡሮች የሚቆሙት "ዋና ጣቢያ" በሚባለው አይደለም፣ ቪልሄልምስሆኸ በሚባለው ነው። ኮሎኝም ሲደርሱ ባቡሩ አንዳንድ ጊዜ ከራይን ወንዝ ወዲያ ማዶ፣ ዶይትስ የሚባለው ጣቢያ ነው የሚቆመው። ካቴድራሉን ከማዶ ካዩ አልጠፉም፣ ድልድዩን ይሻገሩ።

ትኬት። ጊዜ ስለሌለን የሚያስቀጣውን ብቻ ልናገር።

አንደኛ ስም። በስልክ የተገዛ ትኬት በስም ነው፣ ተቆጣጣሪው ፓስፖርት ሊጠይቅ ይችላል። ሐበሻ ቤት ስንት ስም እንዳለን ታውቃላችሁ። የክርስትና ስም፣ የቤት ስም፣ የመታወቂያ ስም። ትኬቱ ላይ ፓስፖርቱ እንደሚለው ጻፉ፣ ስም ከነአባት ስም። ከስልኩ ላይ ገልብጦ እናቱን "እማዬ" ብሎ የመዘገበ ልጅ አውቃለሁ። ተቆጣጣሪው ደጋግሞ አነበበው አሉ።

ሁለተኛ፣ ያ ርካሽ ትኬት። ከአንዲት ባቡር ጋር የታሰረ ነው። ለለመደ ሰው ግሩም ነው፤ ለመጀመሪያ ጉዞ ግን እኔ አልመክርም። እንግዳው ሽንት ቤት ፈልጎ፣ ቡና ገዝቶ፣ ፎቶ አንስቶ ቢያመልጠው በሚቀጥለው የሚሄድበትን ግዙለት። ልዩነቱ የልብ እርጋታ ዋጋ ነው። እኔ አንዴ ከፍዬ ተምሬያለሁ።

ሦስተኛ፣ ዶይችላንድ ቲኬት፣ በአገሩ ሁሉ በከተማና በቅርብ ርቀት ባቡርና አውቶቡስ የሚያስኬደው የወር ትኬት። በግንቦት 2023 በ49 ዩሮ ሲጀመር ሁላችንም ጨፍረን ነበር። በ2025 መጀመሪያ 58 ገባ፣ በ2026 መጀመሪያ 63። አሁንም ወሩን ሙሉ ለሚዞር እንግዳ ጥሩ ነው። ሁለት ወጥመድ አለው። ፈጣኖቹ ላይ፣ አይ ሲ ኢ እና መሰሎቹ ላይ፣ አይሠራም። ሌላው፣ የወር ትኬት ይመስላል እንጂ ውል ነው፤ ወሩ በገባ እስከ 10ኛው ቀን ካልሰረዛችሁት ለሚቀጥለውም ወር ያስከፍላል። እንግዳው ቦሌ ገብቶ ዶሮ ወጥ እየበላ ከእናንተ ሒሳብ 63 ዩሮ ይቆረጣል።

የከተማ ትኬት ደግሞ እንደ አገሩ ነው። በርሊንና ሙኒክ የወረቀት ትኬት ማሽን ላይ ማስመታት አለባችሁ። ፍራንክፈርት ከማሽን ስትገዙ ያኔውኑ ይሠራል። "ገዝቼ ሳለ" የሚለው ሰበብ አያድንም፤ ያልተመታ ትኬት እንደሌለ ነው፣ ቅጣቱ 60 ዩሮ።

አሁን ባቡሩ እየገባ ነው እንበል። ግላይሱ ላይ ከራስ በላይ የተሰቀሉ ፊደላት አሉ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያሉ ይሄዳሉ። ቦርዱ ፉርጎ 24 የትኛው ፊደል ሥር እንደሚቆም ያሳያል። እዚያ ቁሙ። ባቡሩ ረጅም ነው፣ የሚቆመው ደግሞ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ነው፣ ሻንጣ ይዞ መሮጥ የለም። አንዳንድ ቀን ባቡሩ ተገልብጦ ይመጣል፣ መጀመሪያ መሆን የነበረበት ፉርጎ መጨረሻ ይሆናል። ያኔ መሮጥ የለም። በቅርቡ በር ግቡ፣ ውስጥ ለውስጥ ሂዱ። ወንበር ያስያዛችሁ ከሆነ ሩብ ሰዓት ይጠብቃችኋል፤ ከዚያ ሌላ ሰው ቢቀመጥበት መብቱ ነው።

ውስጥ ለውስጥ ስል ግን አንድ ጥንቃቄ። አንዳንድ ባቡር በእውነት ሁለት ባቡር ነው። ከበርሊን ወደ ምዕራብ የሚመጣው የታወቀው፣ ሃም የምትባል ከተማ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ በቩፐርታል አድርጎ ኮሎኝ ይሄዳል፣ ግማሹ በዶርትሙንድ በኩል ዱሰልዶርፍ። ሁለቱ ተጋጥመው ሲቆሙ ከአንዱ ወደ ሌላው በውስጥ መተላለፊያ የለም። የተሳሳተው ግማሽ ላይ የተቀመጠ ሰው ትኬቱ ትክክል ነው፣ ሰዓቱ ትክክል ነው፣ ከተማው ግን ሌላ ነው። በየበሩ አጠገብ መድረሻው ተጽፏል። እንግዳችሁ ከመግባቱ በፊት አንዴ ቀና ብሎ ያንብባት።

በሩ ደግሞ ራሱ አይከፈትም። ቁልፉን ተጫኑ። ይህን መናገር ያሳፍራል፣ ግን ከነሻንጣዋ በሩ ፊት ቆማ "እንዲከፍቱልኝ እየጠበቅኩ" ያለች የባንክ ሥራ አስኪያጅ አውቃለሁ።

ነገሩ ከተበላሸ ምን መብት አለ? መድረሻችሁ ጋ 20 ደቂቃ እንደምትዘገዩ ከታወቀ ያ ከባቡሯ ጋር የታሰረው ትኬት ይፈታል፣ በሌላ ባቡር መሄድ ትችላላችሁ። አንድ ሰዓት ከዘገየ ከዋጋው 25 ከመቶ፣ ሁለት ሰዓት ከሆነ 50 ከመቶ ይመለሳል። ለመጠየቅ ሦስት ወር አላችሁ። አገር ቤት ከተመለሱ በኋላም እናንተ ልትሞሉላቸው ትችላላችሁ፤ ትኬቱን ብቻ አይጣሉት። እናቶቻችን ቦርሳ ሲያጸዱ መጀመሪያ የሚጥሉት ወረቀት ነው።

ሰው ጠይቁ ካልኩ ደግሞ ማንን? ዩኒፎርም የለበሰውን ሁሉ። ግን በአብዛኛው ትልልቅ ጣቢያ ሰማያዊ ሰደርያ ያደረጉ ሰዎች አሉ፣ ባንሆፍስሚስዮን ይባላሉ። በ1894 በርሊን ውስጥ የተጀመረው ሥራ ፍለጋ ከገጠር በባቡር የሚመጡ ልጃገረዶች ደላላ እጅ እንዳይወድቁ ነበር። ይህን ሳነብ አውቶቡስ ተራ ትዝ አለኝ። ዛሬ ከመቶ በላይ ጣቢያዎች ላይ ያገለግላሉ፤ ሃይማኖት አይጠይቁም፣ ገንዘብ አይጠይቁም። ለደከመው መቀመጫ ይሰጣሉ፣ ለጠፋው መንገድ ያሳያሉ፣ እስከ ግላይሱ ይሸኛሉ። የእነሱ ቢሮ የት እንደሆነ በወረቀቱ ላይ ጻፉ። ከእናንተ ስልክ ቁጥር ቀጥሎ።

እና ከሁሉ በፊት አንድ ቀን ስጧቸው። መድረሻው ለማይቸኩል ጉዞ። እኔ የምወስዳቸው ከማይንስ ወደ ኮብሌንስ ነው፣ በዝግታው ባቡር፣ ራይን ወንዝ ዳር ዳሩን። በስተቀኝ ያስቀምጧቸው፤ ወንዙ በዚያ በኩል ነው፣ ኮረብታው ላይ ደግሞ ቤተ መንግሥት በቤተ መንግሥት ነው። ስንሄድ እኔ እመራለሁ። ስንመለስ ግን እጄን ኪሴ ውስጥ እከትታለሁ፣ አፌን እዘጋለሁ። ቦርዱን እሷ ታንብብ፣ ግላይሱን እሷ ታግኝ፣ ቁልፉን እሷ ትጫን። መሳሳት ከጀመረች እንኳ ዝም። ከባድ ነው። ሐበሻ ዝም ብሎ ማየት አይችልም፣ "ኧረ በዚህ!" ይላል። ቻሉት። ከጎኗ ሆናችሁ ብትሳሳት ጨዋታ ነው፣ ብቻዋን ስትሆን የምታስታውሰው ደግሞ ያንን ነው።

አክስቴ ባለፈው ዓመት እንደገና መጥታ ነበር። ብቻዋን ኮሎኝ ሄደች። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ባቡሩን እየተከታተልኩ ነበር፤ መሃል ሜዳ ላይ ቆመ። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። አላስቻለኝም፣ ደወልኩ።

"ቆሟል አይደል?" አልኳት።

"ቆሟል።"

"ምን አሉ?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ጀርመንኛ ነው። ሁለቴ ተናገሩ።"

"ታዲያ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ሰዎቹን አየኋቸው። የተነሳ የለም። አንዷ ሹራብ መሥራት ጀምራለች። እኔም ዳቦዬን አወጣሁ" አለችኝ። "አሁን ዝጋው፣ ባትሪዬን ጨረስክብኝ።"